ያልጠበበው ቀዳዳ

መምህሩ የሞተው ሰባት ጠርሙሶች ፊት ለፊት ነው።

ጠርሙሶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ በአንድ ተሰልፈዋል፤ ራስጌ ላይ አረንጓዴው፣ ግርጌ ላይ አፉ የተሸረፈው ቡናማ። አንዱም ንቅንቅ አላለም። እሱ ግን ከግርጌው ወንበር ወደ ግድግዳው በኩል በፊቱ ተደፍቶ፣ የመብራት መቆሚያው ከባድ ብረት አጠገቡ ተጋድሞ ተገኘ። ከበላዩ የግድግዳው ሰዓት ምንም እንዳላየ ሰው ሥራውን ቀጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ማንገቻዋ በክር የተጠገነ አንዲት አሮጌ ካሜራ ነበረች። መዘዙን ሁሉ ያመጣችው እሷ ናት።

ሟቹ ጀማሪዎችን ፎቶግራፍ ማንሳት ያስተምር ነበር፤ ያውም በፊልም ካሜራ። «ስልካችሁ መቶ ጊዜ ያነሳላችኋል፤ መቶውንም ጊዜ አታስቡም። ፊልም ግን ሠላሳ ስድስት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ታስባላችሁ» ይል ነበር። ጥሩ አስተማሪ ነበር። ጥሩ ሰው ነበር የሚል ግን እስካሁን አልተገኘም።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ለምንን አስጠራ። ስማቸው ይሄ እንዳይመስላችሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ለምን?» ሲሉ ኖረው እናት አባት ያወጡት ስም ተረስቶ ጥያቄያቸው ቀረ። ጡረታቸው አራት ወር ቀርቶታል። ኃላፊው ራሱ ሥራ የለመደው ከእሳቸው ሥር ነው፤ አሁን እሱ አለቃ ሆኗል፣ እሳቸው ደግሞ ያው እትዬ ናቸው።

«እትዬ፣ ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ መዝገቡን ወደ እሳቸው እየገፋ። «አጣቢዋ ናት። የሆቴል ልብስ አጣቢ፣ ከተማሪዎቹ አንዷ። ትናንት ክፍል ውስጥ ተጣልተዋል። አሥር ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ ትላለች። ካሜራዋ ግን ሬሳው አጠገብ ተገኘ። ፊልሙን እኛው አጥበን አሳተምነው፤ ሌሎቹ ያው የጠርሙስ ፎቶዎች ናቸው። የመጨረሻዋን ፎቶ ይዩልኝ።»

እትዬ ለምን መነጽራቸውን አድርገው አዩ። መምህሩ ግርጌው ወንበር ላይ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል፤ እጁን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ ጣል አድርጓል። ከበላዩ ሰዓቱ ጥርት ብሎ ይታያል። አሥር ከአርባ ይላል።

«ሐኪሙ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ አንድ ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል» አለ ኃላፊው። «አሥር ከአርባ ላይ በሷ ካሜራ ፊት በሕይወት ነበር። ዋሽታለች ማለት ነው። አለቀ!»

«ካለቀ እኔን ለምን ፈለግኸኝ?»

«አልፈርምም ብላ ከጠዋት ጀምሮ ድርቅ አለች። እርስዎን ደግሞ ሰው ያዋራዎታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ወደ ወህኒ ቤት ይወስዳታል። ከዚያ በፊት ቃሏን ሰጥታ ብትፈርም ለሷም ይቀልላታል።»

«ለሷ ነው ለአንተ?»

ኃላፊው ፎቶዎቹን ሰጥቷቸው መዝገቡን ዘጋ። ሰዓቱ ስምንት ብሎ ነበር።

አጣቢዋ አርባ ዓመት ግድም ሆኗታል። የእጆቿ ቆዳ በሳሙናና በሙቅ ውኃ ተልጧል። ከፊቷ የተቀመጠላትን እስክሪብቶ በአንድ ጣቷ ገፍታ ገፍታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርሳዋለች።

«ለፊርማ ከሆነ የመጡት አይድከሙ» አለች ገና እትዬ ለምን ሳይቀመጡ። «ያላደረግኩትን አልፈርምም። ዓመት ቢያስቀምጡኝ አልፈርምም።»

«የአንቺ ፊርማ ለእኔ ምን ይሠራልኛል? ስለ ጸቡ ንገሪኝ።»

«ጸብ አልነበረም። ጸብ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ ክፍል የሚሳደበው አንድ ሰው ብቻ ነበር።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አፐርቸር የሚባል ነገር ነው የሚያስተምረን። ሌንሱ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት አለ። ሁለት ላይ አድርገው ሲያነሱ አንዱ ጠርሙስ ብቻ ይጠራል፤ ሌላው ይደበዝዛል። አሥራ ስድስት ላይ ሲያደርጉት ሰባቱም ይጠራሉ። ረዳቱ ከራስጌ በኩል በማሳያው ካሜራ እያነሳ ያሳየናል፣ እኛ ተማሪዎቹ በተራ ከግርጌ እናነሳለን። የሁሉም ሰው ሆነ። የኔ ብቻ እምቢ አለ። አራት ሳምንት! አሥራ ስድስት ላይ አድርጌ አነሳለሁ፤ አንዱ ጠርሙስ ይጠራል፣ ስድስቱ ጭጋግ ይሆናሉ። ፎቶው ራሱ ብርሃን በዝቶበት ንጣት ይሆናል። ካሜራው ነው የታመመው አልኩት። እሱ ምን አለኝ? በሰው ፊት! ‹ካሜራው ደህና ነው፣ በሽታው አንቺ ነሽ፤ ቁጥር ማንበብ የማትችል ሴት ካሜራ ምን ይሠራላታል፣ አንሶላሽን እጠቢ› አለኝ።»

«አንቺስ?»

«እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የምለው። ሌሎቹ ሲወጡ ካሜራዬን ፊቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ‹በል ራስህ አንሳበት፤ ሰባቱን ጠርሙስ ካጠራህልኝ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፤ እስከዚያ ጥፋቱ የኔ ነው አልልም› አልኩትና ትቼለት ወጣሁ። አሥር ሰዓት ነበር። በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ማን አየሽ ካሉኝ፣ ማንም አላየኝም።»

«ካሜራ ለምን አስፈለገሽ?»

አጣቢዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን እስካሁን የጠየቃት የለም።

«ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አንሶላ አጠብኩ። ጠዋት አንጽቼ የሰጠሁት ማታ ተጨማድዶና ቆሽሾ ይመለስልኛል። አንድ ነገር በእጄ ሠርቼ እንደሠራሁት እንዲቀመጥ ፈለግኩ። ጥጋብ ነው?»

«አይደለም» አሉ እትዬ ለምን። እስክሪብቶውን አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ወጡ።

የፎቶ ቤቱን በር የከፈተላቸው ረዳቱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ከመምህሩ ጋር የሠራ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ትምህርቱ እንዳለቀ፣ ተማሪዎቹ ሳይበተኑ፣ ወደ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የመምህሩን የኤግዚቢሽን ፖስተር ለማምጣት ነው» አለ። «ማሽኑ ተበላሽቶ ብዙ አስጠበቁኝ። ፖስተሩን ይዤ አሥራ አንድ ከሩብ ላይ ስገባ... እንዲያ ሆነው አገኘኋቸው። በመጀመሪያ ደክሟቸው የወደቁ ነበር የመሰለኝ።»

«አጣቢዋን እንዴት ታያታለህ?»

«ምስኪን ናት፣ እትዬ። ግን ሰው ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል? ካሜራም ለሁሉም ሰው አይሆንም።»

እትዬ ለምን «እህ» አሉና ክፍሉን መዞር ጀመሩ። ሲዞሩ ቀስ ብለው ነው፤ የጠፋ ቁልፍ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ጠረጴዛው ራስጌ ላይ የማሳያው ካሜራ በሦስት እግር መቆሚያው እንደቆመ ነው፤ ሌንሱ ከጠርሙሶቹ በላይ ወደ ሰዓቱ ያያል። የሌንሱን ቀለበት አዩ፤ አሥራ ስድስት ላይ ነው።

«ክፈትልኝ እስቲ።»

ረዳቱ ከፈተው። ባዶ ነው።

«ትናንት አላነሳህበትም?»

«ትናንት ፊልም አልጎረሰም ነበር። ለማሳየት ያህል ነው።»

ግርጌ ካለው ግድግዳ ሥር የቆሻሻ ቅርጫት አለ። በውስጡ ከከረሜላ ልጣጭና ከተጨማደደ ወረቀት ጋር አንድ ፊልም ከነሆዱ ተዘርግፎ ተጠቅልሏል። ብርሃን ላይ የተዘረገፈ ፊልም ሞተ ማለት ነው፤ ምንም አይነበብበትም። ፖሊሶቹ የፎቶ ቤት ቆሻሻ ነው ብለው አልፈውታል። እትዬ ለምን በመሐረባቸው አንስተው ያዙት።

«የተማሪዎቹ ፎቶ የት ነው የሚቀመጠው?»

ረዳቱ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ፖስታዎች ሰጣቸው። ዘጠኝ ተማሪ፣ ዘጠኝ ፖስታ። የሁሉም ፎቶ ያው ጠርሙስ ነው፤ ከግርጌ ስለተነሳ ቡናማው ቅርብ፣ አረንጓዴው ሩቅ ሆኖ ይታያል። የአጣቢዋ ፖስታ ላይ መምህሩ በቀይ ጽፏል፤ «ቁጥር ማንበብ አትችልም!» ከነቃለ አጋኖው። ውስጡ የሦስት ሳምንት ፎቶ ነበረበት። እትዬ ለምን ሁሉንም አንድ በአንድ አዩና ፖስታውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«ይሄን እወስደዋለሁ።»

«ምን ያደርግልዎታል? የተበላሸ ፎቶ ነው እኮ!» አለ ረዳቱ።

«እኔም አሮጊት ነኝ፤ የተበላሸ ነገር ደስ ይለኛል።»

ከፎቶ ቤቱ ሥር፣ መንገድ ዳር፣ የካሜራ ሱቅ አለ። ባለሱቁን ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ሌንስ ይለዋል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ ነው።

«ለጀማሪ የሚሆን ካሜራ ፈልጌ ነበር» አሉ እትዬ ለምን።

«ጀማሪው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ጡረታ ልወጣ ነው።»

ጋሽ ሌንስ ፊቱ በራ። ይህን ጥያቄ ከጠየቁት ምሳውንም ይረሳል። «እንግዲያው ትልቁን አይንኩብኝ። ሰው የመጀመሪያ ካሜራውን ሲገዛ የሚያስፈራውን መርጦ ይገዛል፤ ከዚያ ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅለዋል። በእጅዎ ይያዙት። ከከበደዎ ቤት ይቀራል፣ ቤት ከቀረ ደግሞ አለኝ አይበሉ። ስለ አካሉ አይጨነቁ፣ ዋናው ሌንሱ ነው። ያገለገለ ከሆነ ሌንሱን አውልቀው ቀለበቱን እያዞሩ በውስጡ ወደ ብርሃን ይመልከቱ። ይኸው፣ ይሞክሩት።»

እትዬ ለምን አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱ። በሌንሱ ውስጥ ስስ የብረት ቅጠሎች ተያይዘው መሐላቸው ቀዳዳ ሠርተዋል። ቀለበቱን ሲያዞሩት ቀዳዳው እየጠበበ እየጠበበ የምስር ፍሬ አከለ።

«ወይ ጉድ! ዓይን ነው የሚመስለው።»

«ዓይን ነው እንጂ! የዓይን ብሌን ፀሐይ ላይ ይጠባል፣ ጨለማ ውስጥ ይሰፋል። ይሄም እንደዚያው ነው። ሲሰፋ ብርሃን በብዛት ያስገባል፤ ግን የሚጠራው ያተኮሩበት ነገር ብቻ ነው፣ የኋላው የፊቱ ይደበዝዛል። ሲጠብ ብርሃኑ ያንሳል፤ የቅርቡም የሩቁም ግን ይጠራል። ጀማሪ የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። ሁለት ማለት ሰፊው፣ አሥራ ስድስት ማለት ጠባቡ ነው።»

«ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ያንሳል?»

«አዎ።»

«እኛም መሥሪያ ቤት እንደዚያ ነው፤ ማዕረጉ ሲያድግ ጆሮው ይጠባል።»

ጋሽ ሌንስ እስኪያስለው ሳቀ። እትዬ ለምን ግን አልሳቁም። «ቀለበቱ ዞሮ ቀዳዳው አልጠብ ቢልስ?» አሉት።

ሳቁ ቆመ። «ዘይት ገብቶባቸው ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ። ያኔ ቁጥሩን የትም ቢያደርሱት ቀዳዳው ወለል እንዳለ ይቀራል። በካሜራው ማያ ሲያዩ አይታወቅም፤ ጉዱ የሚወጣው ፎቶው ታጥቦ ሲታተም ነው። አንዱ ብቻ ጠርቶ ሌላው ደብዝዞ፣ በዚያ ላይ ብርሃን በዝቶበት ነጥቶ ይወጣል።» ድምፁ ቀዘቀዘ። «የአጣቢዋን ነው የሚጠይቁኝ፣ አይደል?»

«እርስዎ ነዎት የሸጡላት?»

«እኔ ነኝ። ግን ለተማሪ የምሸጠውን ሁሉ ረዳቱ ሳይፈትሽ አላስረክብም። ዓይኔ ደክሟል፤ ስለዚህ ከመምህሩ ጋር የተስማማነው እንደዚያ ነው። እሱ ወደ ፎቶ ቤቱ ወስዶ ይፈትሻል፣ ካርዱ ላይ ፈርሞ ማንገቻው ላይ ያስርልኛል። የሷም ካሜራ ላይ ካርድ አለ።»

«ፈትሾ ነው የሚፈርመው?»

ጋሽ ሌንስ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ወስዶ እስኪመልሰው ሻይ አፍልቼ አላደርስም ነበር» አለ። «እኔም ዝም አልኩ። ነውሬ ነው፤ አልክድም።»

እትዬ ለምን የቀራቸው አንድ በር ነበር። የመምህሩ ባለቤት ከፎቶ ቤቱ ኋላ ባለው ቤት፣ በክር የታሰረ የፖስተር ጥቅልል አጠገብ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ አለቀስኩ ብላም ልታስመስል አልፈለገች።

«የሞተ ሰው በክፉ አይነሳም ይሉኛል» አለች። «ሃያ ዓመት ሙሉ ‹ዝም በይ› ሲለኝ ዝም ብያለሁ። አሁንም ዝም ልበል? ክፉ ነበር፣ እትዬ። ሞት ግን አይገባውም ነበር።»

«ፖስተሩን ላየው?»

ዘርግታ አሳየቻቸው። ዙሪያው ቀይ መስመር፣ አራቱም ማዕዘን ላይ ጥቁር አበባ። መሐል ላይ የመምህሩ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ «ሃያ ፎቶግራፎች» ይላል።

እትዬ ለምን ቦርሳቸውን ከፍተው ኃላፊው የሰጣቸውን ፎቶ አወጡ። ማጉያ መነጽራቸውን መምህሩ እጁን ያሳረፈበት ወረቀት ጠርዝ ላይ አደረጉ። ከዚያ ፖስተሩን መልሰው አዩ።

«ሃያዎቹም የእሱ ናቸው?» አሉ በመጨረሻ።

ባለቤቱ ፖስተሩን ጠቅልላ ጨረሰች። «ፖስተሩ እንደዚያ ይላል» ብላ መለሰች።

አሥር ከሩብ ላይ ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው ነበር። አጣቢዋ እጇ በካቴና ታስሮ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ረዳቱ በሩ ጋ ነው። ጋሽ ሌንስና የመምህሩ ባለቤት ተቀምጠዋል። ኃላፊው ሰዓቱን በየደቂቃው ያያል።

«እትዬ፣ መኪናው...»

«አሥራ አንድ ብለሃል። ገና ነው።» የአጣቢዋን ካሜራ ከማስረጃ ከረጢቱ አወጡት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ይህ ፊልም በዚህ ካሜራ ነው የተነሳው?»

«እዚያው ውስጥ ነው ያገኘነው!»

«ውስጡ መገኘቱን አልጠየቅኩም። ጋሼ፣ ይህን ሌንስ ያውልቁልኝ። ቀለበቱን አሥራ ስድስት ላይ ያድርጉትና ለኃላፊዬ ያሳዩልኝ።»

ጋሽ ሌንስ ሌንሱን አውልቆ ቀለበቱን አዞረ። ቀለበቱ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ አሥራ ስድስት ላይ ደረሰ። ኃላፊው ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየ፤ ደግሞ አየ። ቀዳዳው ወለል እንዳለ ነው።

«አልጠበበም» አለ ኃላፊው።

«አላልኩም?» አለች አጣቢዋ። ካቴናው ቃጭ አለ። «አራት ሳምንት አላልኩም?»

«ይህ ሌንስ አሥራ ስድስት ላይም ሆነ ሁለት ላይ የሚያጠራው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው» አሉ እትዬ ለምን። «አሁን አንተ ማስረጃ ያልከውን ፊልም እይ። የመጀመሪያው ላይ አንድ ጠርሙስ ጠርቷል፤ ቀጥሎ ሦስት፣ ቀጥሎ ሰባቱም። ቀዳዳው በደንብ ጠቧል። የመጨረሻዋ ፎቶ ላይማ ከመምህሩ አፍንጫ እስከ ሰዓቱ ድረስ ጥርት ብሏል። በዚህ ካሜራ ይህን ማንሳት አይቻልም። ፊልሙ የሷ አይደለም፤ ሌላ ካሜራ ውስጥ ተነስቶ፣ ተጠቅልሎ ወጥቶ፣ እሷ ትታው በሄደችው ካሜራ ውስጥ የገባ ነው። የሷን ፊልም ደግሞ ብርሃን ላይ ተዘርግፎ ከቅርጫቱ አግኝቼዋለሁ።»

ረዳቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ካሜራው በግርግሩ ተመትቶ ያኔ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ‹ለምን አይሆንም› ብዬ ነበር።» ፖስታውን ከብብታቸው ሥር አወጡ። «ይሄ የሦስት ሳምንት ፎቶዋ ነው። ሁሉም ላይ አንድ ጠርሙስ ጠርቷል፤ ሁሉም በብርሃን ነጥቷል። ሌንሱ ከመጀመሪያውም ታሞ ነበር። ያን ደግሞ የመሰከረላት ማን መሰለህ? ሟቹ ራሱ። በቀይ ቀለም ሰደባት፣ ስድቡን ፖስታ ላይ ጻፈ፣ ፎቶውን አስቀመጠላት።»

የመምህሩ ባለቤት ዓይኖቿን ጨፈነች።

«እንግዲህ ፊልሙ የማን ነው?» እትዬ ለምን ወደ ጠረጴዛው ራስጌ ሄዱ። «ተማሪዎቹ የሚያነሱት ከግርጌ ነው፤ ቡናማው ቅርብ ሆኖ ይታያል። በዘጠኙም ፖስታ ውስጥ እንደዚያ ነው። በዚህ ፊልም ላይ ግን ቅርቡ አረንጓዴው ነው። ከራስጌ የተነሳ ማለት ነው። ራስጌ ላይ የሚቆመው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ የሚያነሳበትም አንድ ሰው።»

ሁሉም ወደ ረዳቱ ዞረ።

«ፊልም አልነበረውም ብያለሁ» አለ። ድምፁ ግን ልስላሴው ሄዷል። «እኔ ማተሚያ ቤት ነበርኩ።»

«ነበርክ። ከሰዓት በኋላ ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ማሽን የሚባል ነገር አልተበላሸም። አሥር ሰዓት ላይ ፈርመህ ፖስተሩን ወስደሃል።» ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ አጠገቡ ፖስተሩን ዘረጉ። «መምህሩ እጁን ያሳረፈው ምን ላይ ነው? ጠርዙን በማጉያ እዩ። ቀይ መስመር፣ ማዕዘኑ ላይ ጥቁር አበባ። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ አመጣሁት ያልከው ፖስተር አሥር ከአርባ ላይ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እሱ ‹ከፖስተሬ ጋር አንሳኝ› አለህ፤ ፊልሙ ላይ የቀረችውን አንዷን አነሳህለት። ካሜራው ከትምህርቱ ጀምሮ አሥራ ስድስት ላይ ነበር። ሰዓቱ ጥርት ብሎ መታየቱ እሷ አሥር ከአርባ ላይ እዚህ የነበረች ያስመስልልኛል ብለህ ፊልሙን ወደ ካሜራዋ አዛወርክ፣ ፖስተሩን ጠቅልለህ ወጣህ። ሰዓቱን ያጠራው ጠባብ ቀዳዳ ግን ፖስተሩንም አጥርቶብሃል።»

ረዳቱ ፖስተሩ ላይ አፈጠጠ።

«ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር» አሉ እትዬ ለምን። ከአጣቢዋ ካሜራ ማንገቻ ላይ ትንሿን ካርድ ፈቱ። «ይህን የሚያህል ባለሙያ የታመመ ሌንስ ያለው ካሜራ ውስጥ የጤነኛ ሌንስ ፊልም ለምን ይከታል? መልሱ እዚህ አለ። ‹ተፈትሿል› ይላል፣ ከሥሩ ያንተ ፊርማ። አልፈተሽከውም። አንድ ጊዜ በብርሃን ብታየው ኖሮ ይህን ስህተት አትሠራም ነበር። እሷ ስትጮህም ‹ቁጥር የማታውቅ ሴት ናት› ብለህ አለፍክ። መምህሩ ይንቃት ነበር፤ አንተም እኩል ናቅካት።»

ያኔ ረዳቱ አንገቱን ቀና አደረገ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ቀና ብሎ ያዩት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስምንቱ የኔ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። «ከሃያው ስምንቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ! በዝናብ፣ በብርድ፣ በእግሬ ሄጄ! ስሜን በትንሹ ከሥር ጻፍልኝ አልኩት። በትንሹ! ፖስተሩ ላይ እጁን ጣል አድርጎ ‹ካሜራው የማን ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ... የመብራት መቆሚያው እጄ ላይ ነበር።»

«በደል ደርሶብሃል» አሉ እትዬ ለምን። «እሷስ ምን አደረገችህ?»

«ካሜራዋ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማን ያምናታል ብዬ...»

«ጨርሰው» አለች አጣቢዋ። «ልብስ አጣቢን ማን ያምናል ብለህ ነው። ስምህን ሰው ስለሰረቀህ አንገብግቦህ ነው አይደል የገደልከው? የኔን ስም ለነፍሰ ገዳይ ስትሰጥ ግን እጅህ አልተንቀጠቀጠም!»

ረዳቱ እጆቹን ዘረጋ። ፖሊሶቹ ካቴናውን ከእሷ እጅ ፈትተው ለእሱ አጠለቁለት። ሊወጣ ሲል የመምህሩ ባለቤት ተነስታ በሩ ላይ ቆመች።

«ስምንቱ ያንተ መሆናቸውን አውቃለሁ» አለችው። «ኤግዚቢሽኑ ይከፈታል፤ ስምህን ከሥራቸው በትልቁ እጽፋለሁ። ባሌንም የገደልከው አንተ ነህ። እሱም ይጻፋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ከእንግዲህ አንዱንም አልደብቅም።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሲል መኪናው በሩ ላይ ደረሰ፤ የጫነው ግን ሌላ ሰው ነው።

አጣቢዋና እትዬ ለምን ኃላፊው ቢሮ ተቀምጠዋል። ኃላፊው ፊቱ ፍም መስሏል፤ የመፈቻ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ ሞልቶ ወደ አጣቢዋ ገፋው።

«እዚህ ጋ ፈርሚና ወደ ቤትሽ ሂጂ። እንኳን ደስ አለሽ።»

እትዬ ለምን ከምሳ በኋላ የተገፋውን እስክሪብቶ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። አጣቢዋ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠችው።

«አልፈርምም።»

«ደግሞ ምን ሆንሽ?» ኃላፊው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ፈትቼሻለሁ እኮ!»

«እዚህ ላይ ‹በቂ ማስረጃ ስላልተገኘባት ተለቃለች› ይላል። የተለቀቅኩት ማስረጃ ስለጠፋባችሁ አይደለም። ስላልገደልኩ ነው። እንደዚያ ብላችሁ ጻፉ።»

«ለአንዲት መስመር ነው ይሄ ሁሉ? ሁሉም የሚጻፍለት እንደዚህ ነው!»

«እኔ ሁሉም አይደለሁም። መምህሩ ፖስታዬ ላይ የጻፈብኝን ስድብ አይተዋል። ነገ ሰው ይህን ወረቀት አንብቦ ‹ገድላለች፣ ግን አልተያዘችም› ይላል። ሰው ሲጽፍብኝ ዝም ማለት በቃኝ።» ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። «የሥራ ሰዓቴ አሥራ ሁለት ነው። እስከዚያ ጊዜ አለኝ፤ ካላለቀም ሆቴሉ አንሶላውን ራሱ ይጠብ።»

ኃላፊው ያድኑኝ በሚል ዓይን ወደ እትዬ ለምን ዞረ።

«እኔን አትየኝ» አሉ። «ይልቅ አንተ፣ ለምን አትጽፍላትም?»

ለምን እንደማይጽፍ ኃላፊው ራሱም አላወቀውም። አዲስ ወረቀት አወጣ። ጥርሱን ነክሶ «ወንጀሉን አለመፈጸሟ በምርመራ ስለተረጋገጠ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

አጣቢዋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጋ ከላይ ጀመረች። አልቸኮለችም። የመዝገቡ ቁጥር ሳይቀር፣ ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች እስኪሰሙ ድረስ፣ ጮክ ብላ አነበበች።

«ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ስድስት» አለች።

ከዚያ ፈረመች።